የማረጋጊያና የእንቅልፍ መድኃኒቶች

የማረጋጊያና የእንቅልፍ መድኃኒቶች የማዕከላዊውን የነርቭ ሥርዓት (የአንጎልንና የኅብለ ሰረሰርን) እንቅስቃሴ በመቀነስ ጭንቀትን የሚያረግቡ፣ እንቅልፍ የሚያመጡ ወይም በሚጥል በሽታ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ የሚያቆሙ መድኃኒቶች ናቸው። በማረጋጋትና በማስተኛት መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የመጠን ጉዳይ ነው። አንዱ መድኃኒት በጥቂቱ ሲወሰድ ያረጋጋል፣ ሲጨመር ያስተኛል፣ ሲበዛ ራስን ያስታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከዚያም አልፈው ትንፋሽ ያቆማሉ። ዋና ዋናዎቹ ክፍሎች ቤንዞዲያዜፒኖች (ዲያዜፓም፣ ሎራዜፓም፣ ሚዳዞላም፣ ክሎናዜፓም)፣ ባርቢቹሬቶች (ፌኖባርቢታል፣ ታዮፔንታል) እና «ዜድ መድኃኒቶች» የሚባሉት (ዞልፒዴም፣ ዞፒክሎን) ናቸው።

በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት በይበልጥ የሚታወቁት ዲያዜፓምና ፌኖባርቢታል ናቸው። ፌኖባርቢታል ስሙ ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር ቢያያዝም፣ በአገሪቱ የሚሰጠው ዋና አገልግሎት የሚጥል በሽታን ማከም ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ስለ እነዚህ መድኃኒቶች የሚነሳው ትልቁ ጥያቄ እንዴት ያስተኛሉ የሚለው ብቻ አይደለም፤ በድንገት ሲቋረጡ ምን ይሆናል የሚለውም ነው።

ስያሜ

በዕለት ተዕለት አማርኛ «ማስታገሻ» የሚለው ቃል ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ፓራሲታሞልን ወይም ዲክሎፌናክን የመሰለ የሕመም ማስታገሻ ነው። «ማደንዘዣ» ደግሞ ለቀዶ ሕክምናና ለጥርስ ነቀላ የሚሰጠው ነው። በመሆኑም እዚህ ለተገለጹት መድኃኒቶች «ማረጋጊያ» እና «የእንቅልፍ መድኃኒት» የሚሉት ስሞች ይሻላሉ። ልዩነቱ የቋንቋ ጨዋታ አይደለም። ራሱን አሞት «ማስታገሻ ስጠኝ» የሚል ሰውና እንቅልፍ አጥቶ «ማስታገሻ ስጠኝ» የሚል ሰው የሚፈልጉት ፈጽሞ የተለያየ ነገር ነው፤ የሁለተኛው መድኃኒት ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም።

ታሪክ

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን በፊት በመላው ዓለም ለማረጋጋትና ለማስተኛት የሚያገለግሉት በዋነኛነት አልኮልና ኦፒየም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1857 እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርለስ ሎኮክ ፖታሲየም ብሮማይድ መንቀጥቀጥን እንደሚቀንስ ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ1869 ኦስካር ሊብራይሽ ክሎራል ሃይድሬትን ለእንቅልፍ አስተዋወቀ። ጀርመናውያኑ ኤሚል ፊሸርና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ እ.ኤ.አ. በ1903 ባርቢታልን አቀረቡ፤ የባርቢቹሬቶች ዘመንም በዚህ ተጀመረ።

ፌኖባርቢታል «ሉሚናል» በሚል የንግድ ስም እ.ኤ.አ. በ1912 ገበያ ላይ ዋለ። በዚያው ዓመት በፍራይቡርግ ይሠራ የነበረው ወጣት ሐኪም አልፍሬድ ሃውፕትማን መድኃኒቱን የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሕሙማን ሰጠ። እንደሚነገረው ዓላማው ሕሙማኑ ሌሊቱን ጸጥ ብለው እንዲያድሩ ነበር፤ ነገር ግን ቀን የሚጥላቸውም መቀነሱን አስተዋለ። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ግኝት ዛሬም በኢትዮጵያ ገጠር በሚገኙ ጤና ጣቢያዎች ሥራ ላይ ነው።

ባርቢቹሬቶች እስከ 1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ የምዕራቡ ዓለም የእንቅልፍ ኪኒኖች ነበሩ። በሚያስተኛውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ በመሆኑ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል። ተዋናይቷ ማሪሊን ሞንሮ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1962 የሞተችው ከፔንቶባርቢታልና ከክሎራል ሃይድሬት የተነሳ ነው። ባርቢቹሬት ያልሆነ «አስተማማኝ» ማረጋጊያ ፍለጋው ደግሞ ሌላ ጥፋት አስከተለ። እ.ኤ.አ. በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለሽያጭ የቀረበው ታሊዶማይድ እርጉዝ ሴቶች ሳይቀሩ ሲወስዱት ቆይቶ፣ እጅና እግራቸው ያልተሟላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት በመወለዳቸው በ1961 ከገበያ ወጣ። አገሮች መድኃኒት ከመሸጡ በፊት የሚጠይቁት ማስረጃ ጥብቅ የሆነው በአመዛኙ ከዚህ በኋላ ነው።

በሆፍማን ላ ሮሽ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ሊዮ ስተርንባክ ክሎርዲያዜፖክሳይድን ያገኘው በአጋጣሚ ነበር ማለት ይቻላል። ቀድሞ ተሠርቶ መደርደሪያ ላይ የተረሳ ውሕድ እ.ኤ.አ. በ1957 ቤተ ሙከራው ሲጸዳ ተገኝቶ ሲመረመር የማረጋጋት ኃይል እንዳለው ታወቀ። መድኃኒቱ በ1960 «ሊብሪየም» ተብሎ፣ ተከታዩ ዲያዜፓም ደግሞ በ1963 «ቫሊየም» ተብሎ ወጣ። ይሁንና በአንጎል ውስጥ የሚያርፉበት ልዩ ቦታ የታወቀው በ1977 ነው፤ ዓለም ለአሥራ ሰባት ዓመት ያህል የት እንደሚሠሩ ሳያውቅ ሲውጣቸው ቆይቷል።

አሠራር

የአንጎል ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በኬሚካል መልእክተኞች ነው። ከእነዚህ አንዱ ጋባ (ጋማ አሚኖ ቡቲሪክ አሲድ) የአንጎል ዋና «አረጋጊ» መልእክተኛ ነው። ጋባ የሚያርፍበት «ጋባ ኤ» የተባለው ተቀባይ በነርቭ ሴሉ ሽፋን ላይ ተተክሎ ይገኛል። አምስት የፕሮቲን ክፍሎች ክብ ሠርተው መሐላቸው ላይ በር ይፈጥራሉ። ጋባ ሲያርፍ በሩ ይከፈታል፣ አሉታዊ ሙል ያለው ክሎራይድ ወደ ሴሉ ይገባል፣ ሴሉም በቀላሉ የማይነሳሳ ይሆናል።

ቤንዞዲያዜፒኖችም ባርቢቹሬቶችም የሚሠሩት በዚሁ በር ላይ ነው፤ አሠራራቸው ግን ይለያያል። ጋባን የበሩ ዘበኛ አድርገን ብናስበው፣ ቤንዞዲያዜፒን ዘበኛው በሩን ቶሎ ቶሎ እንዲከፍት ይረዳዋል። ዘበኛው ከሌለ ግን ብቻውን ምንም አያደርግም። ባርቢቹሬት አንዴ የተከፈተው በር ረዘም ላለ ጊዜ ሳይዘጋ እንዲቆይ ያደርጋል፤ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ዘበኛው ሳይኖርም በሩን ራሱ ይከፍተዋል። ቤንዞዲያዜፒን ለብቻው በዝቶ ሲወሰድ ብዙ ጊዜ በረጅም እንቅልፍ የሚያልፈው፣ ባርቢቹሬት ግን አተነፋፈስን የሚቆጣጠረውን የአንጎል ግንድ እስከ ማቆም የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ተቀባዩ በአንጎል ውስጥ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። «አልፋ 1» የተባለው ክፍል ያለበት ተቀባይ በይበልጥ ከእንቅልፍ ጋር፣ «አልፋ 2» ያለበት ከጭንቀት መርገብ ጋር ይያያዛል። ዞልፒዴም አልፋ 1ን ስለሚመርጥ በዋነኛነት ለእንቅልፍ ብቻ ይሰጣል። አልኮልም በዚሁ ተቀባይ ላይ ይሠራል። አረቄና ዲያዜፓም አብረው ሲወሰዱ ውጤቱ የሚበረታው በአንድ በር ላይ ሁለት እጆች ስለሚያርፉ ነው።

በእነዚህ መድኃኒቶች የሚመጣ እንቅልፍ ከተፈጥሮ እንቅልፍ ጋር አንድ አይደለም። ቤንዞዲያዜፒኖች ሰው ቶሎ እንዲተኛ ያደርጋሉ፣ ሌሊት መንቃትንም ይቀንሳሉ፤ ጥልቅ የሚባለውን የእንቅልፍ ደረጃ ግን ያሳጥራሉ። ባርቢቹሬቶች ሕልም የሚታይበትን ደረጃ ስለሚያፍኑ፣ ሲቋረጡ ቅዠት የበዛበት እንቅልፍ ይመለሳል።

ከዚህ መንገድ ውጭ የሚሠሩም አሉ። ፕሮሜታዚንና ክሎርፌኒራሚንን የመሰሉ የአለርጂ መድኃኒቶች፣ በአነስተኛ መጠን የሚሰጥ አሚትሪፕቲሊን፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ በአንዳንድ አገሮች የተፈቀዱት የኦሬክሲን ተከላካዮች (ለምሳሌ ሱቮሬክሳንት) እንቅልፍ ያመጣሉ።

መድኃኒቶቹ በሰውነት ውስጥ

የአንድ መድኃኒት ግማሽ ዕድሜ ማለት በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመቀነስ የሚወስደው ጊዜ ነው። በዚህ ረገድ በማረጋጊያዎች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። ዞልፒዴምና ሚዳዞላም በሁለትና ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ሎራዜፓም ከ10 እስከ 20 ሰዓት፣ ዲያዜፓም ከ20 እስከ 50 ሰዓት ውስጥ ይጋመሳሉ። ጉበት ዲያዜፓምን ሲሰባብር የሚወጣው ዴስሜቲልዲያዜፓም ራሱ የማረጋጋት ኃይል ያለው ሲሆን ከዋናው መድኃኒት በላይ ይቆያል። አንድ ሰው በየማታው 5 ሚሊግራም ዲያዜፓም ቢወስድ የትናንቱ ሳያልቅ የዛሬው ይደረብበታል። አዛውንቶች በሳምንት ጊዜ ውስጥ የሚደነዝዙትና ሌሊት ለሽንት ሲነሱ የሚወድቁት ብዙውን ጊዜ በዚህ ክምችት ነው።

ዲያዜፓምን የሚሰባብሩት ዋናዎቹ የጉበት ኤንዛይሞች «ሲዋይፒ 2ሲ19» እና «ሲዋይፒ 3ኤ4» ይባላሉ። የመጀመሪያው ኤንዛይም ጥንካሬ ከሰው ሰው በዘር ይለያያል፤ በዚህ ጥናት ውስጥ ኢትዮጵያውያን ልዩ ቦታ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኤንዛይሙን ይበልጥ ፈጣን የሚያደርገው የዘረመል ዓይነት («ኮከብ 17») መጀመሪያ በተገለጸበት ጥናት ከተመረመሩት መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በስዊድናውያንም በኢትዮጵያውያንም ዘንድ ድግግሞሹ 18 በመቶ ሲሆን በቻይናውያን 4 በመቶ ብቻ ነበር። በተቃራኒው ደግሞ ከ20 ኢትዮጵያውያን አንዱ ገደማ ይህ ኤንዛይም የማይሠራለት ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ሰው ላይ ዲያዜፓም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ አንዱን ቀለል አድርጎ የሚያስተኛ ኪኒን ሌላውን እስከ ማግስቱ ከሰዓት ሊያንገላጅጀው ይችላል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላም ግኝት አለ። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው «ሲዋይፒ 2ዲ6» የተባለው ኤንዛይም ዘረመል ድርብ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ተገኝቶባቸዋል። ይህ ኤንዛይም ኮዴይንን ወደ ሞርፊን ይለውጣል። ኮዴይን ማረጋጊያ ባይሆንም ሞርፊን ትንፋሽን ያዳክማል፤ ኮዴይን ያለበት መድኃኒት ከዲያዜፓም ጋር አብሮ ሲወሰድ አደጋው በእንዲህ ዓይነት ሰዎች ላይ የከፋ ነው።

በጉበት በሽታ (በአገራችን ብዙ ጊዜ በሄፓታይተስ ቢ ወይም በአልኮል ምክንያት) የተጎዱ ሰዎች ዲያዜፓምን ለማስወገድ ይቸገራሉ። ሎራዜፓም በሌላ መንገድ ስለሚወገድ ለእነርሱ ይመረጣል።

ፌኖባርቢታልና የሚጥል በሽታ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ስለሚጥል በሽታ ከተሠሩት ቀዳሚ ጥናቶች አንዱ የቡታጅራው ነው። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተመራው ቡድን 60,820 ሰዎች በሚኖሩበት የገጠር አካባቢ ቤት ለቤት ባደረገው ምርመራ 316 የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎችን አገኘ፤ ይህም ከ1,000 ሰው 5.2 ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ይህ ጥናት ይፋ ካደረጋቸው ነገሮች ሁሉ የሚያስደነግጠው ስለ ሕክምና የሚለው ነው፦ ከታማሚዎቹ የታወቀ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ክፍተቱን ለመሙላት ከሁሉ በፊት የተመረጠው ፌኖባርቢታል ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፣ በቀን አንድ ጊዜ ማታ ይበቃል፣ ለአብዛኛው ዓይነት የሚንቀጠቀጥ በሽታ ይሠራል፣ ለአጠቃቀሙም የደም ምርመራ የግድ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅትም አቅም አነስተኛ በሆነባቸው አገሮች በመጀመሪያ ደረጃ ይመክራቸው ከነበሩት መድኃኒቶች አንዱ ነው። በጎንደርና በጅማ ዙሪያ ነርሶች በጤና ጣቢያ ደረጃ ታማሚዎችን የሚከታተሉበት አሠራር የተዘረጋው በዋነኛነት በዚህ መድኃኒት ላይ ተመርኩዞ ነው። ለአዋቂ የተለመደው መጠን ማታ ከ60 እስከ 180 ሚሊግራም ሲሆን ከዝቅተኛው ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል። ማታ ብቻ መወሰዱ ለጾመኛም ምቹ ነው፤ የዐቢይ ጾምም ሆነ የረመዳን ሰዓት አይነካውም።

ጉዳትም አለው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያንቀላፋል፤ አንዳንድ ሕፃናትን ደግሞ ከማረጋጋት ይልቅ ያቁነጠንጣል፣ ትምህርታቸውንም ያውካል። በጥቂት ሰዎች ላይ ቆዳን የሚልጥ አደገኛ አለርጂ ያስከትላል፤ ሽፍታና የአፍ ቁስል የታየበት ሰው ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሄድ አለበት። ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ዲንና ፎሌትን ይቀንሳል።

ከሁሉ በላይ ግን መታወቅ ያለበት የመቋረጡ ነገር ነው። የፌኖባርቢታል ግማሽ ዕድሜ በአዋቂ ሰው አራት ቀን ያህል ነው። በመሆኑም መድኃኒቱ ሲጀመር ሙሉ ኃይሉ ላይ ለመድረስ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል፤ «ሳምንት ውጬው ምንም አልሠራልኝም» የሚለው ቅሬታ ከዚህ ይመነጫል። በተመሳሳይ ምክንያት አንድ ሰው መውሰዱን ሲተው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም አይሰማውም። በአራተኛው ቀን ግማሹ፣ በስምንተኛው ሩቡ ገና በደሙ ውስጥ አለ። ታማሚውና ቤተሰቡ «ዳነ» ብለው ደስ በተሰኙበት በዚያው ሳምንት ወይም በሚቀጥለው ሕመሙ በርትቶ ይመለሳል፤ አንዱ ሳያባራ ሌላው የሚከተልበት፣ ከ5 ደቂቃ በላይ የሚዘልቅና ሕይወትን የሚያጠፋ መንቀጥቀጥም ሊነሳ ይችላል። ነገሩ የሚከፋው ጊዜው በመራቁ ምክንያት መንቀጥቀጡን ከመድኃኒቱ መቋረጥ ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት በመሆኑ ነው። አንድ ማታ ተረስቶ ቢያልፍ ግን በዚሁ ረጅም ዕድሜው የተነሳ ብዙ ጊዜ ከባድ ችግር አይፈጥርም።

መድኃኒቱ የሚቋረጥባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፦ በጤና ጣቢያው ማለቁ፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ማጣት፣ ተሽሎኛል ብሎ መተውና ጠበል ሲገቡ ማቆም። በመጨረሻው ላይ ሐኪሞችም የሃይማኖት አባቶችም ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ የሚመክሩበት አካሄድ እየተለመደ መጥቷል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ቀደም ሲል ለኤች አይ ቪ መድኃኒት ጠበልና ኪኒን እንደማይጣሉ በይፋ መናገራቸው ለዚህ አርአያ ሆኗል። መድኃኒቱን ማቆም የሚገባው ሰው ቢኖር እንኳ መጠኑ በሐኪም ክትትል በወራት ውስጥ ነው የሚቀነሰው።

ሰው ሲጥለው ክብሪት ጭሮ ማሽተት በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ መንቀጥቀጡን ግን አያቆምም። በሽታውም በንክኪም ሆነ በምራቅ አይተላለፍም። የሚጠቅመው ታማሚውን ከእሳትና ከድንጋይ አርቆ በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተትና መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። በጤና ተቋም የመጀመሪያው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ዲያዜፓም ነው። በሕፃናት ላይ ደም ሥር ማግኘት ሲያስቸግር በፊንጢጣ በኩል፣ በኪሎ ግማሽ ሚሊግራም ገደማ ይሰጣል።

ሌሎች አገልግሎቶች

ዲያዜፓም ለመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) የጡንቻ መኮማተር፣ ለረጅም ዓመታት የጠጣ ሰው መጠጥ ሲያቆም ለሚመጣው መንቀጥቀጥና መቃዠት፣ እንዲሁም ከቀዶ ሕክምና በፊት ለማረጋጋት ይሰጣል። በእርግዝና ለሚመጣው የኤክላምፕሲያ መንቀጥቀጥ ቀድሞ ያገለግል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ የሆነ ትልቅ ዓለም አቀፍ ጥናት ማግኒዚየም ሰልፌት እንደሚበልጥ ካሳየ በኋላ ቦታውን ለቋል። ፌኖባርቢታል አዲስ በተወለዱ ሕፃናት መንቀጥቀጥ እስካሁን ቀዳሚ ነው።

ለእንቅልፍ ማጣት ግን ኪኒን የመጀመሪያው መፍትሔ አይደለም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ በቅድሚያ የሚመከረው የአስተሳሰብና የልማድ ሕክምና ነው፦ የመነሻ ሰዓትን አለመለዋወጥ፣ እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ ላይ አለመገላበጥ፣ ከሰዓት በኋላ ቡናን መተው። ሦስተኛው ነጥብ የማታ ቡና በማይቀርበት ቤት መፈጸሙ ከባድ መሆኑ አይካድም።

ከአልኮል፣ ከጫትና ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር

ከማረጋጊያዎች ጋር የሚደርሰው ከባድ አደጋ በብዛት የሚመጣው ከአልኮል ወይም ከሞርፊን ቤተሰብ መድኃኒቶች (ትራማዶል፣ ኮዴይን፣ ፔቲዲን) ጋር ሲቀላቀሉ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ቤንዞዲያዜፒንንና ኦፒዮይድን አብሮ መውሰድ ሊገድል እንደሚችል በመድኃኒቶቹ ማሸጊያ ጽሑፍ ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲሰፍር አዝዟል።

የጫት ጉዳይ ለኢትዮጵያና ለጎረቤቶቿ የተለየ ነው። በትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን እንደ አምፌታሚን አነቃቂ በመሆኑ ከምርቃና በኋላ እንቅልፍ ይሸሻል። ያንን ለመስበር ማታ መጠጣት «ጨብሲ» ይባላል። አንዳንዱ በመጠጥ ፋንታ ወይም በመጠጡ ላይ የእንቅልፍ ኪኒን ይጨምራል። ጫቱ ድካሙን ስለሚሸፍን ሰውየው ምን ያህል እንደጠጣ ወይም እንደዋጠ አይሰማውም፤ የካቲኖን ኃይል በጥቂት ሰዓታት ሲያልቅ ግን የማረጋጊያው ኃይል ያለ ተቃራኒ ይቀራል፤ ያውም ሰውየው ብቻውን በተኛበት ሰዓት።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን የጉበት ኤንዛይሞችን እጅግ ያበረታል። ሪፋምፒሲን በሚወስድ ሰው ላይ በአፍ የሚሰጥ ሚዳዞላም ከሞላ ጎደል ውጤቱን ያጣል። ፌኖባርቢታል ራሱም ኤንዛይም አበርቺ ነው፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንን ያዳክማል፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሆነውን የዶሉቴግራቪርን መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ታማሚው የሚወስደውን ሁሉ ለሐኪሙና ለፋርማሲ ባለሙያው መናገር ይኖርበታል።

መላመድና ጥገኝነት

ቤንዞዲያዜፒን በየቀኑ ለሳምንታት ሲወሰድ አንጎል ለተጨማሪው ጸጥታ ራሱን ያስተካክላል። የማስተኛት ኃይሉ መጀመሪያ ይደክማል፣ ሰውየውም መጠን ይጨምራል። በድንገት ሲተወው የተጨቆነው የአንጎል መነሳሳት ይፈነዳል፦ እንቅልፍ ማጣት፣ መርበትበት፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ሲከፋም ቅዠትና የሚጥል ሕመም። የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ ማጣት ብዙ ሰዎችን «ያለ ኪኒን መተኛት አልችልም» ወደሚል ድምዳሜ ይወስዳል፤ እውነታው ግን እንቅልፍ የነሳቸው ኪኒኑን መተዋቸው ራሱ መሆኑ ነው። ለእንቅልፍ ሲታዘዝ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት እንዳይበልጥ የሚመከረው ለዚህ ነው። የቆየበት ሰው መጠኑን በየሁለት ሳምንቱ በጥቂቱ እየቀነሰ፣ አንዳንዴም ወደ ዲያዜፓም ተለውጦለት፣ ይወጣል። ከጭንቀትና ከሱስ ጋር ለተያያዙ ከባድ ሁኔታዎች በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የሌሎች ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አገልግሎት ይሰጣሉ።

ዜድ መድኃኒቶች ከዚህ ነፃ አይደሉም። ዞልፒዴም ሰው ሳያውቀው ተነሥቶ እንዲሄድ፣ እንዲበላ፣ መኪና እንዲነዳ ማድረጉ በመታወቁ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ከፍተኛው የማስጠንቀቂያ ደረጃ ተሰጥቶታል። በሴቶች ደም ውስጥ ይበልጥ እንደሚቆይ ስለታወቀም በ2013 ለእነርሱ የሚመከረው መጠን ወደ 5 ሚሊግራም ዝቅ ብሏል።

ከመጠን በላይ ሲወሰድ

ምልክቶቹ መንተባተብ፣ መንገዳገድ፣ ከባድ እንቅልፍና የትንፋሽ መቀነስ ናቸው። ዋናው ሕክምና የአየር መንገድን ክፍት አድርጎ መተንፈስን መደገፍ ነው። ሰውየውን ማስታወክ፣ ወተት ማጠጣት ወይም «ተኝቶ ይለፍለት» ብሎ መተው አደገኛ ነው፤ በጎኑ አስተኝቶ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል፤ የኪኒኑን ማሸጊያም ይዞ መሄድ ለሐኪሙ ጊዜ ይቆጥባል። ለቤንዞዲያዜፒን ፍሉማዜኒል የተባለ ማርከሻ አለ፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ተላምዶ በቆየ ወይም የሚጥል በሽታ ባለበት ሰው ላይ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ስለሚችል በጥንቃቄ ነው የሚሰጠው። ለባርቢቹሬት ማርከሻ የለም፤ በፌኖባርቢታል መመረዝ ተደጋጋሚ የከሰል ዱቄት (ለሕክምና የተዘጋጀው) እና ሽንትን አልካላይን ማድረግ መድኃኒቱ ቶሎ እንዲወጣ ይረዳሉ።

ሕግና ቁጥጥር

እ.ኤ.አ. በ1971 በቪየና የተፈረመው የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ስምምነት መድኃኒቶቹን በአራት ሠንጠረዥ ይከፍላል፤ ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ሴኮባርቢታል በሁለተኛው፣ ፔንቶባርቢታል በሦስተኛው፣ ፌኖባርቢታል፣ ዲያዜፓምና ዞልፒዴም በአራተኛውና ላላ ባለው ሠንጠረዥ ይገኛሉ። ካቲኖን በመጀመሪያውና በጥብቁ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲሆን፣ የሚገኝበት የጫት ቅጠል ግን በስምምነቱ ውስጥ አልተካተተም።

በአገር ውስጥ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288፣ ኋላም የመድኃኒት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 176/1991 ሥራ ላይ ነበሩ። አሁን ያለው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሲሆን አስፈጻሚው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ከሕግ ውጭ ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮችን ማዘዋወርና መጠቀምን ያስቀጣል። ሳይኮትሮፒክ መድኃኒቶች በልዩ ማዘዣ ወረቀት ነው የሚታዘዙት፤ በመርካቶም ይሁን በሀይሌ ጋርመንት ያለ ፋርማሲ ያለዚህ ወረቀት ዲያዜፓም መሸጥ አይችልም።

የቁጥጥሩ ሌላው ገጽ በገጠር ይታያል። ፌኖባርቢታል በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር በመሆኑ ግዢው፣ ወደ አገር ማስገባቱና ሥርጭቱ ከፓራሲታሞል የበለጠ ወረቀትና ፈቃድ ይጠይቃል። በዚህ የተነሳ የሚፈጠር መዘግየት ለሱሰኛው ብዙም አያስቸግረውም፤ በየወሩ ተራራ ወርዶ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣውን የሚጥል በሽታ ታማሚ ግን ባዶ እጁን ይመልሰዋል። የጤና ጣቢያ ነርሶች ርቆ ለሚኖር ታማሚ የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ መስጠትን የሚመርጡት ለዚህ ነው።